«ይበለው!»፦ በሰው ጉዳት መደሰትና የፍትሕ እምነታችን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመካኒክስ ኮርስ አስተምር በነበረበት አንድ ሴሚስተር የገጠመኝን ነገር በማስታወስ ልጀምር። በክፍሉ ውስጥ በትምህርቱ የላቀ፣ ነገር ግን ማስታወሻውን ለማንም የማያውስ አንድ ተማሪ ነበር። የአጋማሽ ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማስታወሻዎቹንና ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶቹን የያዘው ቦርሳው ከምግብ አዳራሽ በር ላይ ተሰረቀበት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍል ደርሶ ኖሮ፣ ልጁ ባዶ እጁን ገብቶ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ ከኋላ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «ይበለው!» አለ አንዱ። «የእጁን አገኘ» አለች ሌላዋ። በመጨረሻም አንድ ቀልደኛ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ዶክተር፣ ይህ እኮ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ልጁ አልሳቀም። ፈተናውን እንደ ወትሮው አልሠራም፤ ሴሚስተሩ ሳያልቅም የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቶ ሄደ። የሄደው በእኛ ሳቅ ምክንያት ነው አልልም፤ ከአንድ ክስተት ብቻ ተነስቶ ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ ለተማሪዎቼ ከማስተምረው ሳይንስ ጋር አይስማማም። ይሁን እንጂ ሁለት ጥያቄዎች ከዚያን ዕለት ጀምሮ አልተለዩኝም። አንደኛው፣ ምንም ያልበደለኝ ተማሪ ንብረቱ ሲሰረቅ ለምን ደስ አለኝ? ሁለተኛው፣ ያ ሁሉ ተማሪ በአንድ ተራ ስርቆት ላይ የፍትሕን ማኅተም ለመምታት ለምን ቸኮለ? ሥነ ልቡና የሙያ መስኬ አይደለም። ሆኖም ጥያቄዎቹን ይዤ የዘርፉን ተመራማሪዎች ሥራ ሳነብ ያገኘሁት፣ ለተማሪም ለመምህርም የሚጠቅም ስለ መሰለኝ በዚህ ጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

ስሜቱና ስሞቹ

ለመሆኑ ይህ ስሜት ምን ይባላል? ጀርመኖች «ሻደንፍሮይደ» ይሉታል። «ሻደን» ጉዳት፣ «ፍሮይደ» ደግሞ ደስታ ማለት ሲሆን፣ ቃሉ ዛሬ በሥነ ልቡና ምሁራን ዘንድ ዓለም አቀፍ ስያሜ ሆኗል። ነገሩ ግን ከጀርመኖች ቀድሞ በግሪኮች ዘንድ ይታወቅ ነበር። አርስቶትል በሥነ ምግባር ድርሳኑ ሦስት ሰዎችን ያነጻጽራል። የመጀመሪያው የማይገባው ሰው ሲሳካለት የሚቆጨው ነው፤ ሁለተኛው የሚገባውም ሆነ የማይገባው ሰው ሲሳካለት የሚበሳጨው ምቀኛ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሌላው መከራ ደስ የሚለው ነው። እንግዲህ የቁጭት፣ የምቀኝነትና የክፉ ደስታ ዝምድና ገና ያኔ ተስተውሎ ነበር ማለት ነው።

በአማርኛ ለስሜቱ አንድ የተለመደ ስም ባይኖረንም፣ ስሜቱን የምንተነፍስባቸው ቃላት ሞልተውናል። ከእነዚህ መካከል «እሰይ!» እና «ይበለው!» የሚሉትን እናስተያይ። «እሰይ» ደስታን ብቻ ይገልጻል። «ይበለው» ግን ከደስታ አልፎ ፍርድ ይሰጣል፤ የደረሰበት ነገር የሚገባው ነው የሚል ብይን በውስጡ ይዟል። «የእጁን አገኘ» እና «የዘራውን አጨደ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ቋንቋችን ራሱ በሰው ጉዳት መደሰት ከፍትሕ እምነት ጋር ምን ያህል እንደ ተቆራኘ ይመሰክራል።

በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረቡት ትንታኔ ስሜቱን በሦስት ከፍለው አይተውታል። አንዱ ከፉክክር የሚመነጨው ነው፦ የተፎካካሪዬ መውደቅ የእኔን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከፍትሕ የሚመነጨው ነው፦ ጥፋተኛው የሚገባውን ቅጣት አገኘ። ሦስተኛው ከጥላቻና ከቡድን ጠብ የሚመነጨው ነው፦ «የእነሱ» ጉዳት «የእኛ» ድል ነው። በተግባር ሦስቱ እየተቀላቀሉ ይመጣሉ። ችግሩ፣ ከሦስቱ መካከል በአደባባይ ሊነገር የሚችለው የፍትሑ ብቻ በመሆኑ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ዘወትር የእርሱን ልብስ ተውሰው መውጣታቸው ነው።

በአንጎል ውስጥ ምን ይታያል?

ኤፍ.ኤም.አር.አይ. የተባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ከተፈለሰፈ ወዲህ ስሜቱ በላቦራቶሪ መጠናት ጀምሯል። መሣሪያው የሚሠራበት መርሕ የፊዚክስ ነው። ሰውየው ከመሬት ማግኔታዊ መስክ በአሥር ሺዎች እጥፍ በሚበልጥ መስክ ውስጥ ይተኛል። ኦክስጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን በዙሪያው ያለውን መስክ በጥቂቱ ያዛባል፤ ኦክስጅን የያዘው ግን ይህን አያደርግም። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ስለሚጎርፍለት የሚለካው ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ መሣሪያው የሚለካው ስሜትን ሳይሆን የደምን ለውጥ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ትርጉሙን የሚሰጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው።

ታኒያ ሲንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት እነሆ። 16 ወንዶችና 16 ሴቶች ከሁለት ሰዎች ጋር የገንዘብ ጨዋታ ተጫወቱ። ሁለቱ ሰዎች የተመራማሪዎቹ ተባባሪዎች ሲሆኑ፣ አንዱ በሐቅ፣ ሌላው በስስት እንዲጫወት ታዟል። ከዚያም ተሳታፊዎቹ በመሣሪያው ውስጥ ሆነው ሁለቱ ሰዎች እጃቸው ላይ ሕመም ሲደርስባቸው ተመለከቱ። ሐቀኛው ሲያመው በወንዶቹም በሴቶቹም አንጎል ከሕመም ጋር የተያያዙት አካባቢዎች ምላሽ ሰጡ፤ የሌላውን ሕመም እንደ ራስ መጋራት ማለት ነው። ስስታሙ ሲያመው ግን የወንዶቹ ምላሽ በእጅጉ ቀነሰ፤ በምትኩም ከሽልማትና ከእርካታ ጋር የተያያዘው «ኒውክለስ አኩምበንስ» የተባለው ክፍል ነቃ። የነቃበት መጠንም ወንዶቹ ከገለጹት የበቀል ፍላጎት ጋር የሚሄድ ነበር። ይህ ወንዶች ሁሉ ጨካኞች፣ ሴቶች ሁሉ ርኅሩኆች ናቸው ማለት አይደለም፤ ቅጣቱ አካላዊ ሕመም መሆኑ በልዩነቱ ላይ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል።

በጃፓን ሂዴሂኮ ታካሃሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ስለ ምቀኝነት ነው። 19 ተሳታፊዎች በትምህርትና በኑሮ ስለሚበልጧቸው ሰዎች የሚተርክ ጽሑፍ አነበቡ፤ ቀጥሎም በእነዚያው ሰዎች ላይ ችግር ሲደርስ አነበቡ። በመጀመሪያው ንባብ «አንቴሪየር ሲንጉሌት» የተባለውና ከሕመም ጋር የተያያዘው አካባቢ ነቃ። በሁለተኛው ንባብ የእርካታው አካባቢ ነቃ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ በምቀኝነት ጊዜ የበለጠ «ያመመው» ሰው በተፎካካሪው ውድቀት የበለጠ የተደሰተ መሆኑ ነው። እንግዲህ ይህ ደስታ በከፊል የራስ ሕመም ማስታገሻ ነው።

ረጅሙ አበባና የኳሱ ደጋፊ

አውስትራልያውያን ከእኩዮቹ በላይ የተነሣን ሰው «ረጅሙ የፖፒ አበባ» ይሉታል፤ ከሌሎቹ ከፍ ያለው አበባ መቆረጡ አይቀርምና። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኖርማን ፌዘር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ከመካከለኛው ይልቅ በከፍተኛው ተማሪ ውድቀት ይበልጥ እንደሚደሰቱ አሳየ። ከሁሉ የሚደሰቱት ደግሞ ከፍተኛው ተማሪ ወደ ታች ሲዘቅጥ ሳይሆን ወደ መካከለኛው፣ ማለትም ወደ እነርሱ ደረጃ ሲወርድ ነው። ፌዘር በኋላ ባደረጋቸው ጥናቶች ሌላ ቁልፍ ነገር አከለ፤ እርሱም «ይገባዋል» የሚለው ግምት ነው። አንድ ሰው ስኬቱን ያለ ድካም እንዳገኘው ካመንን ውድቀቱ ያስደስተናል፤ ደክሞ እንዳገኘው ካመንን ግን እናዝንለታለን። እኛም «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ስንል የምንመሰክረው ስለዚሁ ባሕርይ ነው።

በቡድን ደረጃ ደግሞ የኳስ ሜዳ የተፈጥሮ ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫ ጀርመን በክሮኤሽያ 3 ለ 0 ተሸንፋ ስትወጣ የሆላንድ ተማሪዎች የተሰማቸውን ደስታ ኮሊን ሊችና ባልደረቦቹ አጥንተዋል። ደስታው የጎላው ለኳስ ትልቅ ፍቅር ባላቸውና የራሳቸው ቡድን ዝቅተኛነት በተሰማቸው ዘንድ ነበር። ሚና ሲካራና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2011 የቦስተንና የኒውዮርክ ቤዝቦል ቡድኖችን ደጋፊዎች አጥንተው፣ ተቀናቃኙ ቡድን በሦስተኛ ቡድን ሲሸነፍ እንኳ ደስታ እንደሚሰማቸው አሳዩ። የእርካታው አካባቢ ይበልጥ የነቃባቸው ደጋፊዎች በተቀናቃኝ ደጋፊ ላይ ጥቃት ልንፈጽም እንችላለን ያሉት መሆናቸው ግን ነገሩን ከጨዋታ በላይ ያደርገዋል። ከእኛ መካከል ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ አርሴናል ሲሸነፍ የማንቸስተር ደጋፊ፣ ማንቸስተር ሲሸነፍ የአርሴናል ደጋፊ ወንበር ላይ ሲወጣ ያላየ ማን አለ?

ከልጅነት ጀምሮ

ይህ ባሕርይ የሚማሩት ነው ወይስ የሚወለዱበት? የተሟላ መልስ መስጠት ባይቻልም፣ በጣም ቀደም ብሎ እንደሚታይ ግልጽ ነው። የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 3 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ተመልክተዋል። እናት ሌላ ልጅ ታቅፋ መጽሐፍ ስታነብለት ቆይታ ውኃ መጽሐፉ ላይ ሲፈስና ንባቡ ሲቋረጥ፣ የቀናው ልጅ ደስታውን በግልጽ ያሳይ ነበር።

የፍትሑ ክፍል ግን ዘግየት ብሎ ይመጣል። በጀርመን የላይፕሲግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ልጆች በአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ክፉው አሻንጉሊት ሲቀጣ አዩ፤ መጋረጃው ሲዘጋም ትርኢቱን ለመቀጠል የራሳቸውን ገንዘብ መሰል ሳንቲም መክፈል ነበረባቸው። የ6 ዓመት ልጆች የክፉውን ቅጣት ለማየት ከፈሉ፤ የደጉን መመታት ለማየት ግን አልፈለጉም። ከእነርሱ የሚያንሱት ልጆች ይህን ልዩነት በግልጽ አላሳዩም። ምግብ የነጠቃቸው ሰው ሲቀጣ ለማየት ቺምፓንዚዎችም ከባድ በር ገፍተዋል። ስለዚህ በቅጣት የሚገኘው ደስታ ክፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በጋራ መኖርን የሚያፈርሱ ሰዎች ዋጋ እንዲከፍሉ የሚሻው የማኅበራዊ እንስሳ ባሕርይ አካል ሳይሆን አይቀርም።

«ዓለም ፍትሐዊ ናት» የሚለው እምነት

እስካሁን ያየነው ደስታውን ነው። አሁን ደግሞ ወደ ብይኑ እንለፍ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ሜልቪን ለርነር በሥልጠና ላይ ሳለ፣ ርኅሩኅና የተማሩ መሆናቸውን የሚያውቃቸው ባለሙያዎች የአእምሮ ሕሙማንን ስለ ሕመማቸው ሲወቅሱ ሰማ። በኋላም ተማሪዎቹ ድሆችን ስለ ድህነታቸው ሲነቅፉ አዳመጠ። ደግ ሰዎች ለምን እንዲህ ይላሉ? የእርሱ መልስ የሚከተለው ነው። ሰው ለነገ ለመድከም፣ ሰው ሁሉ የሚገባውን ያገኛል ብሎ ማመን ያስፈልገዋል። ያለ ጥፋቱ የሚሰቃይ ሰው ማየት ይህን እምነት ያናጋል፤ በእርሱ የደረሰው በእኔም ሊደርስ ይችላልና። የተናጋውን እምነት ለመጠገን ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ተጎጂውን መርዳት፣ ሌላው ተጎጂው ያገኘው የሚገባውን ነው ብሎ ራስን ማሳመን።

ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሙከራ 72 ሴት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት እኩያቸው በቃል ጥናት ላይ በተሳሳተች ቁጥር የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባት ተመለከቱ። ንዝረቱ የውሸት፣ ሥቃዩም ትወና ነበር፤ ተመልካቾቹ ግን ይህን አያውቁም። ከፊሎቹ ድምፅ ሰጥተው ልጅቱን ከቅጣት ወደ ሽልማት እንዲያዛውሯት ዕድል ተሰጣቸው፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አዛወሯት፤ ስለ ባሕርይዋም ክፉ አልተናገሩም። ሌሎቹ ሥቃይዋ እንደሚቀጥልና ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ተነገራቸው፤ እነዚህ ልጅቱን አሳንሰው ገመገሟት። ከሁሉ አብልጠው ያጣጣሏት ደግሞ ለእነርሱ ጥቅም ስትል ሥቃዩን እንደተቀበለች የተነገራቸው ነበሩ። ለእነርሱ ብላ የተሰቃየችው ከሁሉ ይልቅ ተናቀች!

ዕጣ የሚባለው ነገር እንኳ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን የምትመለምለው በልደት ቀን ዕጣ ነበር። ዚክ ሩቢንና ሌቲሺያ አን ፔፕሎ ወጣቶችን በቡድን ሰብስበው ዕጣው በሬዲዮ ሲወጣ አብረው እንዲያዳምጡ አደረጉ። አብዛኞቹ ክፉ ዕጣ ለደረሰባቸው አዘኑ። ዓለም ፍትሐዊ ናት ብለው አጥብቀው የሚያምኑት ግን በተሸናፊዎቹ ላይ ቅሬታ አሳዩ። ማንም ሰው የልደት ቀኑን አይመርጥም፤ ቢሆንም ተወቀሰ።

እዚህ ላይ የተሠራውን የአመክንዮ ስሕተት እንለይ። «ያጠፋ ይቀጣል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ተነስተን «የተቀጣ አጥፍቷል» ወደሚለው መሻገር አንችልም። ዝናብ ሲዘንብ መሬት ይረጥባል፤ መሬት የረጠበ ሁሉ ግን ዝናብ አልዘነበበትም። የኢዮብ ወዳጆች ጻድቁን ሰው «ሳትበድል አልቀረህም» እያሉ ያደከሙት በዚሁ የተገለበጠ አመክንዮ ነበር።

የኒውተን ሕግ ምን አይልም?

አሁን ወደ ቀልደኛው ተማሪ ልመለስ። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ፣ አንድ አካል ሌላውን አካል ሲገፋ ሌላውም በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያውን በእኩል መጠንና በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል ይላል። ሁለቱ ኃይሎች የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው፤ የሚከሰቱትም በአንድ ጊዜ ነው። ሕጉ ቀጠሮ የለውም፤ ትዝታ የለውም፤ ደግና ክፉ አይለይም። ማስታወሻ አለማዋስና ቦርሳ መሰረቅ የድርጊትና የምላሽ ጥንድ አይደሉም፤ ሌባው የልጁን ጠባይ መርምሮ አልሰረቀም። በፊዚክስ የኃይል ጥበቃ ሕግ አለን፤ የሞመንተም ጥበቃ ሕግ አለን፤ የደግነት ጥበቃ ሕግ ግን በየትኛውም ላቦራቶሪ አልተገኘም። መብረቅ የሚወርደው የኤሌክትሪክ መስኩ አየሩን ሲሰብር ነው፤ ከዛፍ ሥር የተጠለለው እረኛ ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ይህ ማለት ግን ፍትሕ የለም ማለት አይደለም። ፍትሕ በተፈጥሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ሕግ ሳይሆን ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ነው ማለት ነው። ፍርድ ቤት፣ የፈተና ደንብ፣ የተማሪ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ የሚያስፈልጉን ነገሩ በራሱ ስለማይስተካከል ነው። እምነቱም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም፤ ተማሪ ሌሊቱን የሚያጠናው ድካሙ ፍሬ እንደሚያፈራ አምኖ ነው። አደጋው እምነቱ ወደ ራስ ጥረት መገፋፋቱን ትቶ በሌላው ላይ መፍረጃ ሲሆን ነው።

ጉዳዩ ለእኛ

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ1 መቶ 50 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ብዙው ሕዝብ በዕንባ ሲቀበላቸው «ማን ሂዱ አላቸው?» የሚልም በታክሲ ውስጥ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ሥቃዩን አይቶ መርዳት ስላልቻለ ወቀሳን የመረጠ ይመስለኛል። በውጤት ማነስ ከግቢ የተሰናበተ ተማሪ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ «ሲዝናና ከርሞ ነው» የምንለውም ከዚሁ ነው። ልጁ ሌሊት ሲሠራ፣ ቤተሰብ ሲያስታምም ወይም ራሱ ሲታመም ከርሞ እንደሆነ አልጠየቅንም።

ስለዚህ «ይበለው» የሚለው ቃል ከአንደበታችን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ብንጠይቅ መልካም ነው። በእውነት ጥፋት ነበረ ወይ? ጥፋት ከነበረ፣ የደረሰው ጉዳት ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ደስታዬስ ከጥፋቱ የመጣ ነው ወይስ ከእኔ ማነስ? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የሆላንዱ ቪልኮ ቫን ዳይክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች በስኬታማ ሰው ውድቀት ይበልጥ ይደሰታሉ፤ ስለ ራሳቸው በጎ ነገር እንዲያስታውሱ ሲደረግ ግን ይህ ደስታ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ከለርነርና ከሲመንስ ሙከራ እኔ የያዝሁት ቁም ነገር፣ መርዳት የቻሉት ተመልካቾች ልጅቱን መውቀስ ያላስፈለጋቸው መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት ክፍል ስገባ የኮርሱ ሙሉ ማስታወሻ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልጁን ጠርቼ «ይህን ወስደህ ኮፒ አድርግ» ለማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን ደቂቃዋን ሳቅሁባት። አሁን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የማስታወሻዬን አንድ ቅጂ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጣለሁ፤ የሚያውስም የማያውስም፣ የተሰረቀበትም ያልተሰረቀበትም እንዲያገኘው።